በማንጋሉሩ ቤቶች የሚበላው የዘወትር ምግብ፦ ስኳር የሚያሰጋው ሰው ከዚህ ምኑን ይውሰድ?

ጠያቂ፦ ተማሪ በማንጋሉሩ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በአረብ ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ማንጋሉሩ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነው፤ የቤቱ እናት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እንደ ልጃቸው ስለሚያዩኝ ምሳና እራቴን አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ ጋር እበላለሁ። ከመምጣቴ በፊት የሕንድ ምግብ ሲባል የማውቀው አዲስ አበባ በሚገኝ ምግብ ቤት የቀመስኩትን፣ ክሬምና ቅቤ የበዛበትን ወጥና ናን የሚባለውን ዳቦ ነበር። እዚህ ቤት ግን እነዚህ ቀርበው አላየሁም።

ጠዋት የሚበላው ኒር ዶሳ ነው። ኒር ማለት በአካባቢው ቋንቋ ውኃ ማለት ሲሆን፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ሩዝ ጠዋት ይፈጭና ውኃ እስኪመስል ድረስ ይበጠበጣል፤ ከዚያም እንደ እንጀራችን ሳይቦካ በጋለ ምጣድ ላይ ፈስሶ እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ ይነሳል። ምሳ ላይ ኩቻላኪ የሚሉት ቀላ ያለ ሩዝ በባንጉዴ ወይም በቡታይ ወጥ ይቀርባል፤ ባንጉዴ ማኬሬል፣ ቡታይ ደግሞ ሳርዲን መሆናቸውን በኋላ ነው የተረዳሁት። ከጎኑ ፎሶሊያ ወይም ባሳሌ የሚባል ወፍራም ቅጠል ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ጋር፣ በመጨረሻም አሬራ አይጠፋም። ማታ ያው ሩዝ ከነውኃው ጋንጂ ተብሎ እንደ አጥሚት ይጠጣል፤ በጨው ተዘፍዝፎ የከረመ ማንጎ ማባያው ነው። ከጁን 1 እስከ ጁላይ 31 ትልልቆቹ የሞተር ጀልባዎች እንዳያጠምዱ ስለሚከለከሉ ትኩስ ዓሣ ይወደድና ደረቅ ዓሣ ይወጣል፤ በዚያ የዝናብ ወቅት የጎደሬ ቅጠል በቅመም በተፈጨ ሩዝ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለውን ፓትሮዴ ቀምሼ እጅግ ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። እኔም ባለፈው ወር ተመርምሬ ሳልበላ የተለካው የደም ስኳሬ 108 ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐኪሙ ከአሁኑ እንድጠነቀቅ አሳሰበኝ። ቅባት የበዛበት ነገር በዚህ ቤት እምብዛም ባይኖርም ሩዝ ግን በቀን ሦስት ጊዜ አለ፤ ወጡም የሚሠራው በኮኮናት ዘይት ነው። አንዳንዱ የኮኮናት ዘይት መድኃኒት ነው ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ የልብ ጠንቅ ነው ይለኛል። ከዚህ አመጋገብ ለጤና በእውነት የሚጠቅመው የትኛው ነው? በስድስት ወር ውስጥ አገሬ ስለምገባ ልይዘው የሚገባኝን ማወቅ እፈልጋለሁ።


መልስ 1፦ የኮቺ ነዋሪ

ወንድሜ፣ እኔ ከአንተ ወደ ደቡብ፣ በኬራላ ግዛት ኮቺ ከተማ ትዳር ይዤ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። የእናንተ ኩቻላኪ እኛ ጋ ማታ ይባላል፣ ጋንጂውም ካንጂ ነው። እናንተ ጋ ምግቡ የሚኮመጥጠው ፑናርፑሊ በሚባል ፍሬ ከሆነ እኛ ጋ በኩዳምፑሊ ነው፤ እርሱም በጭስ የደረቀ፣ ጥቁርና ቆዳ የሚመስል የፍሬ ልጣጭ ነው። ስሙ ቢለያይም ማዕዱ አንድ ስለሆነ ከምኖርበት ቤት ተነሥቼ ልንገርህ።

እኔ እዚህ ከተማርኩት ሁሉ የምሳሳለት የአትክልቱ አሠራር ነው። ቶራን ይሉታል። አማቴ ጥቅል ጎመኑን ወይም ፎሶሊያውን እንደ ጌሾ ቅጠል አድቅቀው ይከትፉትና፣ ከአንድ እፍኝ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከእርድ፣ ከቃሪያና ከጥቂት ነጭ ሽንኩርት ጋር በእጃቸው ያሹታል። መጥበሻው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ሲግል የሰናፍጭ ፍሬ ይጨምራሉ፤ ፍሬው መንጣጣት እንደጀመረ የካሪ ቅጠል፣ ወዲያው አትክልቱን። ከዚያ ክዳን ገጥመው ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ አያቆዩትም። ውኃ አይገባበትም፣ የሚበስለው በራሱ እንፋሎት ነው። እኔ ጎመን ሁለት ሰዓት እየተንተከተከ ሲበስል እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ጥሬ ነው ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጆቼ ያለ ቶራን ምሳ በልተናል አይሉም። ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዱባው፣ ያልበሰለ ሙዙ፣ የሙዝ አበባው፣ የሽፈራው ቅጠሉ ሳይቀር በየተራ ይገባበታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ቶራን ሳይደገም ሲቀር አይቻለሁ።

የዓሣ ወጡም ቁሌት የሚፈጅ አይደለም። በሸክላ ድስት ውስጥ ደቃቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ እርድና ከጣት ጫፍ የማይበልጥ አብሽ ለስለስ ይልና፣ ተዘፍዝፎ የቆየው ኩዳምፑሊ ከነውኃው ይገባል። ሲፈላ ዓሣው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ማማሰያ አይነካውም፤ አማቴ ድስቱን በጨርቅ ከአፉ ይይዙና በዝግታ ያዞሩታል፣ ዓሣውም ሳይፈረፈር መረቁ ይለብሰዋል። በመጨረሻ እሳቱ ጠፍቶ ጥቂት ጥሬ የኮኮናት ዘይትና የካሪ ቅጠል ይደረግበታል፤ የእኛን መከለሻ ያስታውሰኛል። ኮምጣጣነቱ ስለሚጠብቀው በማግሥቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አሁን ደግሞ እውነቱን ሳልሸሽግ ልንገርህ፤ በዚህ ማዕድ ላይ አደጋው ሩዙ ነው፣ የሩዙም ብዛት። አማቼ በወጣትነታቸው ጀልባ እየቀዘፉ ይውሉ ስለነበር የተቆለለ ሩዝ በልተው ማታ ላይ እንደገና ይራቡ ነበር። ዛሬ ልጆቻቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እየዋሉ ክምሩ ግን እንዳለ ቀርቷል። ኬራላ ዛሬ የስኳር በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው የሕንድ ግዛቶች አንዷ ሆናለች፤ ይህን ስንነጋገር በቤታችን ጥፋቱን በዘይትና በዓሣ ላይ የሚያሳብብ ሰው አለ፣ እኔ ግን ሩዙ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ማታ ማታ የሚበላው ጥብስ ነው ባይ ነኝ። ባለቤቴ ስኳር ከተገኘበት ወዲህ የሰሃኑን ቅደም ተከተል ለወጥነው፤ ቶራኑና ዓሣው መጀመሪያ ይቀርባሉ፣ ሩዙ በአንድ ጭልፋ ተለክቶ ኋላ ይመጣል። ካንጂ በምንጠጣበት ማታም የተቀቀለ ማሾ ከሩዙ በልጦ እንዲገኝ እናደርጋለን።

ለቁርስ ደግሞ ካዳላ የሚባለውን የሽምብራ ወጥ ሞክረው። ሽምብራው ያው አገራችን የሚበቅለው ትንሹና ቡናማው ዓይነት ነው። እዚህ የሚበሉት ፑቱ ከሚባል በእንፋሎት ከተዘጋጀ የሩዝ ዱቄት ጋር ሲሆን፣ አንተ ፑቱውን ቀንሰህ ሽምብራውን ብታበዛ ማንም አይቆጣህም።


መልስ 2፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጠያቂያችን፣ የኮቺዋ እህታችን የጻፉት በአብዛኛው ከሙያዬ ጋር ይስማማል፤ እኔ ሁለት ሦስት ነገር በቁጥር ልጨምርልዎ።

ስለ ሩዙ፦ የሚበሉት ሩዝ ከነገለባው ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተፈተገ ነው። በቅቅሉ ጊዜ ከላይኛው ሽፋን የነበረው ቪታሚን ቢ 1 ወደ ፍሬው ውስጥ ስለሚሰርግ ሲፈተግ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቀይ ቀለሙ ደግሞ በላዩ ከቀረው ገለፈት የመጣ ነው፣ ስለዚህ ይበልጥ የቀላው ይበልጥ አሰር አለው። ከነጩ ሩዝ እንደሚሻል አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ አንድ ስኒ የበሰለ ሩዝ 45 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ ቀለሙ ይህን አይለውጠውም። ጋንጂውም ረጅም ጊዜ ስለሚበስልና ስለሚላላ በቶሎ ይፈጫል፣ ስለዚህ ብቻውን እራት እንዲሆን አልመክርዎትም።

ስለ ኮኮናት ዘይት፦ መድኃኒትም መርዝም አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ከዚያ ውስጥ ከ11 እስከ 12 ግራም የሚሆነው ሳቹሬትድ የሚባለውና መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ ከዕለቱ ኃይል ሰጪ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ያህል ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ የቀኑን ድርሻ ጨረሰው ማለት ነው። አማቷ ለቶራኑ በሻይ ማንኪያ መለካታቸው ትልቅ ጥበብ ነው። የተፈቀፈቀው ኮኮናት ቢያንስ አሰር አብሮት ስላለ ከጠራው ዘይት የተሻለ ነው፣ እርሱም ቢሆን ግን በእፍኝ ይለካ።

ትንንሾቹን ዓሦች አጥብቀው ይያዙ። ሳርዲንና ማኬሬል ኦሜጋ 3 የሚባለው፣ ለልብ የሚስማማው ስብ የበዛባቸው ናቸው፤ ሳርዲን ከነለስላሳ አጥንቱ ሲበላ ካልሲየምም ይሰጣል። የሚያሳስበኝ ይልቁንም የጨው ማንጎውና ደረቁ ዓሣ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚመከረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ስለሆነ በጋንጂ ላይ በየማታው መጨመሩን ቢያቆሙ ይበጅዎታል። ሳይበሉ የተለካ ከ100 እስከ 125 የሚደርስ ስኳር ወደ ሕመም ሳይሻገር ሊመለስ የሚችል ደረጃ ላይ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የወራቱን አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የተባለውን ምርመራ ያድርጉና ውጤቱን ለሐኪምዎ ያሳዩ።


መልስ 3፦ ከሻርጃ

ወንድሜ፣ እኔ ሻርጃ ከኬራላ ሴቶች ጋር ወጥ ቤት ስለምጋራ ምግቡን አውቀዋለሁ። ስለ ዓሣው ሁሉም መልካም ተናግረዋል፣ አያያዙን ግን ማንም ስላላነሣ ነው የምጽፍልህ። አንድ ዓርብ ማኬሬል ገዝቼ ሦስት ሰዓት ያህል በሙቀት ውስጥ ይዤው ዞርኩና ማታ ወጥ ሠራሁት። ከበላሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ልቤም ይመታ ጀመር። ሐኪም ቤት የተነገረኝ ማኬሬል፣ ሳርዲንና ቱና ከቅዝቃዜ ውጭ ሲቆዩ ሂስታሚን የሚባል ነገር በሥጋቸው ውስጥ እንደሚፈጠርና እሳት እንደማያጠፋው ነው። እኔ ጠረኑ አልተለወጠም ብዬ ተማምኜ ነበር። አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ግን ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ካልሆነ አይገዙም፣ ሲገዙም በረዶ የሞላ ሣጥን ይዘው ነው የሚሄዱት። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም እንደዚያው ነኝ።


ጠያቂ፦ ተማሪ በማንጋሉሩ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመለሳችሁልኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የቤቱን እናት ሩዝ እንዲቀንሱልኝ ስጠይቃቸው ቅር ብሏቸው ምግቡ አልጣመህም ወይ አሉኝ፤ የአባቴን ሕመም ስነግራቸው ግን ከጓዳ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራች ትንሽ ጭልፋ አምጥተው የአንተ መለኪያ ይህች ናት አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በእርስዋ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨለፍልኛል፣ ፎሶሊያውና ባሳሌው ግን በእጥፍ ሆኗል። ማታ ማሾ የተጨመረበት ጋንጂ ስለምጠጣ ሌሊት አይርበኝም። የጨው ማንጎውን ለእሑድ ብቻ አስቀርቼዋለሁ፣ ይህ ከሁሉ ከብዶኛል።

የኮቺዋ እህቴ፣ አንድ ነገር ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። ኩዳምፑሊና ትኩስ ኮኮናት አዲስ አበባ ላይ ባይገኙ በምን ልተካቸው?


መልስ 4፦ የኮቺ ነዋሪ

ስለ ኩዳምፑሊው አትጨነቅ፤ ደረቅ ስለሆነ አየር በማይገባበት ዕቃ ብትይዘው ዓመት ይቆይሃል። እርሱ ሲያልቅ ሁመር ዘፍዝፈህ ጭማቂውን ተጠቀም፣ እናንተም ጋ ማንጋሉሩ ላይ የባንጉዴው ወጥ ብዙ ጊዜ በሁመር ነው የሚሠራው። ለኮኮናቱ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ስኳር ያልገባበት ደረቅ ፍቅፋቂ ለብ ባለ ውኃ ለአሥር ደቂቃ ብትዘፈዝፈው ለቶራን ይበቃል። እኔ ለእረፍት አገር ቤት ስመጣ ጭራሽ ትቼው በተቆላና በተወቀጠ ሰሊጥ ሠርቼ እናቴን አብልቻለሁ፤ ጣዕሙ ሌላ ነው፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። ሽፈራው ካገኘህ ለጋውን ቅጠል ብቻ ምረጥ።

ዓሣው ላይ ግን ተጠንቀቅ። የሐይቅ ዓሣ፣ በተለይ ቆሮሶ፣ ሥጋው ከማኬሬል ስለሚላላ መረቁ ቀድሞ ለብቻው ተንተክትኮ ኮምጣጣው በደንብ ይውጣለት፤ ዓሣው ከነአጥንቱ መጨረሻ ላይ ገብቶ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል። ሸክላ ድስቱን ደግሞ ከዚያ አትሸከም፣ የእኛው ሸክላ ይበልጣል። ብቻ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ዓሣው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል እሳቱን አጥፋው።