ለጋራው ሐሳብ፦ ከእኛ ምን፣ ከዓለም ምን?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ናችሁ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ቅሬዎች (እድሮች) ጋር የምናቀርበውን ረቂቅ ልኬላችኋለሁ። ጉዳዩ የሃይማኖት ጽንፈኝነትን በመግታት የየአገሩ ድርሻ ነው። አስተያየታችሁን ጣሉ። «ወሎ የመቻቻል ምድር» የሚለውን መግቢያ ግን አታስረዝሙብኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

መምህሩ፦ ረቂቁ «ዓለም እርምጃ ይውሰድ» ብሎ ያበቃል። ወረቀትማ ሞልቷል! የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በውሳኔ 1373 አገሮች ለሽብር የሚሄድ ገንዘብ እንዲዘጉ አስገድዷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው የፀረ ሽብር ስትራቴጂ አጽድቋል። እኛ የምንጠይቀው በስም ይሁን፤ ማን፣ ምኑን?

ሐጂ፦ ሊቢያን አትርሱ። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ በዚያ ክርስቲያን ወገኖቻችንን ሲገድል ቦታው ሊቢያ፣ ቡድኑ የበቀለው ኢራቅ፣ ለቅሶው ግን እኛ ቤት ነበር። ከእኛ ቀዬስ ስንቱ ልጅ በዚያው የስደት መንገድ ይሄዳል? በስደቱ መስመር ያሉ አገሮች ስደተኛውን ይጠብቁልን እንበል።

እኅታችን ከኮምቦልቻ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች መስጊድ ውስጥ ግድያ ሲፈጸም ገዳዩ በፌስቡክ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። 51 ሰው አለቀ። በሁለት ወሩ መንግሥታትና ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ከኢንተርኔት ለማጥፋት ፓሪስ ላይ ቃል ገቡ። ጥሩ። በአማርኛ የሚለቀቀውን ስድብና ዛቻስ ማን ያየዋል? ሰው ሪፖርት አድርጎ አድርጎ ይሰለቻል። አማርኛና አካባቢውን የሚያውቅ በቂ ሰው ቅጠሩ ብለን ለኩባንያዎቹ በቀጥታ እንጻፍ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

መምህሩ፦ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። ጽንፈኛ ማን እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የጽንፈኝነት መከላከያ የድርጊት ዕቅድ እንኳ አልወሰነም፤ ለየአገሩ ተወው። እንዲህ ክፍት ከሆነ ነገ የተቃወመ ሁሉ ጽንፈኛ ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ጥላቻ ቅስቀሳ ያወጣውን፣ እ.ኤ.አ. የ2012ቱን የራባት ሰነድ መመዘኛዎች እናስገባ፦ ተናጋሪው ማን ነው፣ ምን አስቦ ተናገረ፣ ጊዜው ምን ይመስላል፣ ንግግሩ ምን ያህል ሰው ደረሰ፣ ጉዳትስ ያመጣል ወይ። ስብከት ስለመረረን ብቻ ሰው አይታሰር።

ቄሱ፦ ልጆቼ፣ ከገጽ 2 ጀምሮ የምንጠይቀው ሌላውን ብቻ ነው። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ያቃጠለው ከውጭ የመጣ ነው? ሰርጉንም ለቅሶውንም አብረን እንውላለን፤ ከየራሳችን ወገን አንዱ ሌላውን ሲያንቋሽሽ ግን ዝም። የኛን ሰባኪ እኛ እንገሥጽ፣ የነሱን እነሱ። ይሄ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

ሐጂ፦ አባ፣ አብሽሩ! ይሄማ ገጽ 1 ላይ ነው የሚሆነው። ከኛ በኩል ያለውን እኔ እጽፈዋለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ ተቀይሯል። የኩባንያዎቹን ደብዳቤ እኅታችን፣ መመዘኛውን መምህር ይያዙ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ስብሰባው ማክሰኞ ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው። አባ፣ ማክሰኞ ይመችዎታል?