ስላይዴ ሁሉ ቡናማ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

የሐይቋ ልጅ፣ ሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ካልቢንዲንና ጂኤፍኤፒ የተባሉት ፕሮቲኖች በአይጥ አንጎል ውስጥ የት የት እንዳሉ በአንቲቦዲ እያቀለምኩ ነው። ስላይዱ ግን ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ያልጨመርኩበትም ያው ነው። አንጎሉ ፎርማሊን ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። የቀረኝ አንቲቦዲ ለስድስት ስላይድ ቢበቃ ነው፤ እባካችሁ ሳላባክነው ድረሱልኝ።

ፓቶሎጂ ክፍል፣ አዳማ፦
አይዞሽ እህቴ። ያለ አንቲቦዲውም ከቀለመ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቲሹው ውስጥ የቀረው ደም ራሱ ዲኤቢውን (ማቅለሚያ ኬሚካሉን) ቡናማ ያደርገዋል። መጀመሪያ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ አድርጊበት፤ ቀጥሎ አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ በሴረም ሸፍኚው። ዲኤቢ ስትጨምሪ ማይክሮስኮፕ ሥር እያየሽ ይሁን፤ ቀለሙ ብቅ ሲል ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቺው።

ላብ ያረጀሁበት፦
ሁለት ሳምንት በዝቷል። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያስር አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ይደበቃል። ሲትሬት ቡፈር፣ ፒኤች 6.0፣ ውስጥ አሙቂው። መመሪያው 95 ዲግሪ ይላል፤ ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 አካባቢ ይፈላል። እሳት አትጨምሪ፣ ሲንተከተክ ሴክሽኑ (ስላይዱ ላይ ያለው ስስ የአንጎል ቁራጭ) ይላቀቃል። 90 ላይ ይዘሽ ደቂቃውን ወደ 30 አሳድጊው፤ እዚያው ቡፈሩ ውስጥ ይቀዝቅዝ።

ኒውሮ፦
በአንዷ ስላይድ ብቻ ጀምሪ፣ ንዑስ አንጎል (ሴሬቤለም) ያለባት ትሁን። ካልቢንዲን ከሠራ የፑርኪንጄ ሴሎች (የንዑስ አንጎል ትልልቅ ነርቭ ሴሎች) በነጠላ ረድፍ፣ ቅርንጫፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይቀልማሉ፤ ከሥራቸው የታጨቁት ግራንዩል ሴሎች ግን አይቀልሙም። እነሱም ከቀለሙ ማቅለሙ አይታመንምና ሌላውን የአንጎል ክፍል አታንብቢ።

የአለን ኢንስቲትዩትን የአይጥ አንጎል ካርታ ስታመሳክሪም ተጠንቀቂ፤ እዚያ የምታዪው በዋናነት አርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂን ቅጂ) ነው። ፕሮቲን ደግሞ ከተሠራበት ሴል በአክሰን (በነርቭ ሴሉ ረጅም ክር) ይጓዛል። ለምሳሌ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም አርኤንኤው ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ሆኖ ፕሮቲኑን ስትራያተም እስከተባለው ሌላ ክፍል ድረስ ታገኚዋለሽ። ለፕሮቲን በ2003 ስዊድን የተጀመረው የሰው ፕሮቲን አትላስ ይሻላል፣ በነጻ ነው።

የሐይቋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ረድፉ ቁልጭ ብሎ ወጣ! ጂኤፍኤፒ ግን ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል ላይ ደምቆ ኮርቴክስ (የአንጎሉ ውጫዊ ንጣፍ) ላይ እምብዛም የለም። አበላሽቼው ይሆን?

ኒውሮ፦
አላበላሸሽም። የኮርቴክስ አስትሮሳይቶች (ጂኤፍኤፒ የሚገኝባቸው የነርቭ ደጋፊ ሴሎች) ጂኤፍኤፒያቸው ትንሽ ነው፤ ሴሎቹ ግን አሉ። ጽሑፍሽ ላይ «ጂኤፍኤፒ አነሰ» በይ እንጂ «አስትሮሳይት አነሰ» አትበይ።