«ሁኔታዊ ግዴታ» ስንል የትኛውን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። በኒውዮርክ ሕግ የሚገዛ የኩባንያ ብድር ውል እየተረጎምኩ ነው። ኮቨናንትን «ግዴታ» ብዬ አለፍኩት፤ «ቃል ኪዳን» ሠርግ ሠርግ አለኝ። ስፕሪንጊንግ ኮቨናንት የሚሉትንስ «ሁኔታዊ ግዴታ» ልበለው?

መልስ፦ «ግዴታ» ይሄዳል፣ እህቴ። «ሁኔታዊ» ላይ ግን ቆም በይ። በአንድ ውል ውስጥ በሁኔታ ላይ የተንጠለጠሉ ግዴታዎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው።

አንዱ ተበዳሪው አንድ ነገር ላድርግ ሲል ብቻ ይነሳል። አዲስ ዕዳ ልጨምር፣ ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ላከፋፍል ካለ የዕዳው መጠን ይለካል። አርፎ ከተቀመጠ ግን ገቢው ቢያሽቆለቁልም በዚህ አንቀጽ ማንም አይጠይቀውም።

ስፕሪንጊንግ ሌላ ነው። የሚገኘው ሪቮልቪንግ ብድር ላይ ነው፤ እንደ ኦቨርድራፍት ከፍለሽ መልሰሽ የምታወጪው ዓይነት። የብድሩ ጣሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ግዴታው የሚነሳበት መጠን ደግሞ የጣሪያው 40 በመቶ ነው እንበል። በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ኩባንያው ያወጣው 39 ሚሊዮን ከሆነ የሚለካው የለም። 41 ከሆነ ግን ጠቅላላ ዕዳው ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ በፊት ካለው ትርፍ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይታያል። ከተፈቀደው ካለፈ ውሉ ተጣሰ። ብልጥ የፋይናንስ ኃላፊ ታዲያ ቀኑ ሲደርስ 2 ሚሊዮን ይመልስና በማግስቱ ያወጣታል!

ልብ በይ፤ 40ን ማለፍ በራሱ ጥሰት አይደለም። ይህን ካደባለቅሽ ኩባንያውን ያለ ጥፋቱ ከሰስሽው ማለት ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ብዙ ኩባንያዎች ለክፉ ቀን ብለው ከሪቮልቪንግ ብድራቸው የቻሉትን ያህል አወጡ። ያን ጊዜ ተኝቶ የነበረው አንቀጽ ነቃ፤ አበዳሪ ደጅ የጠናውም ብዙ ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ «የሚነቃ ግዴታ» ለምን አትሉትም?

መልስ፦ ለወሬ ደስ ይላል፤ ውል ላይ ግን ዳኛ ግራ ይጋባል። እኔ ብሆን ትርጓሜው ክፍል ላይ አንዴ «በወጣው የብድር መጠን ተፈጻሚ የሚሆን የፋይናንስ ግዴታ» ብዬ እጽፍና ከዚያ በኋላ «የፋይናንስ ግዴታ» እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ ተባረክ። የተርም ሎን (አንዴ ተወስዶ በተወሰነ ጊዜ የሚመለስ ብድር) አበዳሪዎችም በዚህ አንቀጽ መክሰስ ይችላሉ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይችሉም። የሪቮልቪንጉ አበዳሪዎች «ብድሩ አሁኑኑ ይከፈል» እስኪሉ ድረስ ዳር ቆመው ነው የሚያዩት። ስለዚህ «አበዳሪዎች» ብለሽ ብቻ እንዳታልፊ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ጻፊ።