የ2004 ኮሮላ ላይ ሪሞት ስታርተር መግጠም፦ የትኛው ሽቦ የቱ ነው?

ሴንት_ፖል_04፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ2004 ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አውቶማቲክ፣ መስኮቷም የበሯ መቆለፊያም በእጅ። ቁልፏ ቺፕ የለውም። የሚኒሶታ ጥር ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ከቤት ሆኜ በሪሞት አስነስቻት ቀድማ እንድትሞቅ ነው የተፈለገው። ሦስት ጥያቄ አለኝ።
1. ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ሁለት የሽቦ ቀለም ዝርዝሮች አይመሳሰሉም። የቱን ልመን?
2. የታኮ ሽቦውን (የሞተሩን ዙር ለመሣሪያው የሚነግረውን) መቀጠል ግድ ነው? መመሪያው ያለ እሱም ይሠራል ይላል።
3. ሽቦ ቆንጥጣ የምትይዘዋ ሰማያዊ ፕላስቲክ መቀጠያ ትበቃለች?

ናስትሮና_ፒንሳ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትመን። ቀለም ፍንጭ ብቻ ነው፤ የ20 ዓመት መኪና ላይ ደግሞ ማን ምን ቀጥሎ እንደሄደ አይታወቅም። የሚታመነው መልቲሜትር ነው። አምፖል ያለውን መሞከሪያ ግን ተወው፤ ከረንት ስለሚስብ የኮምፒውተር ሽቦ ላይ ካረፈ ሊያቃጥል ይችላል። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ የኤርባግ ስለሆነ ጨርሶ አይነካም።

ከመሪው በታች ያለውን ፕላስቲክ አውልቅ። ከቁልፍ ማስገቢያው ጀርባ ወፍራም ሽቦዎች የያዘ ሶኬት ይወጣል። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ንጹሕ ማሳ (የቦዲ ብረት) ላይ አስረህ በቀዩ አንድ በአንድ ለካ። ቁልፉ ወጥቶም 12 ቮልት የሚያሳየው ቋሚው ነው፤ ቶዮታ ላይ ኤኤም1 እና ኤኤም2 የሚባሉ ሁለት አሉ። ኦን ላይ መጥቶ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞርም የማይጠፋው ኢግኒሽን ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ከመጀመሪያው የቁልፍ እርምጃ ጀምሮ ያለ፣ ሞተሪኖ ሲዞር ግን ዜሮ የሚገባው አክሰሰሪ ነው። ስታርት ላይ ብቻ የሚመጣው የሞተሪኖው ነው። እያንዳንዱን ስታገኝ ወዲያው ናስትሮ ለጥፈህ ጻፍበት፤ ሶኬቱ ሲገለበጥ ግራና ቀኙ ይምታታል።

ሦስተኛው ጥያቄህ፦ አትበቃም። ያቺ ፕላስቲክ የምትነካው ጥቂት ክሮችን ብቻ ነው። ለሬዲዮ ሽቦ ያስኬዳል፤ እዚህ ግን 20ና 30 አምፔር ያልፋል፣ ትግልና ትቀልጣለች። ይልቅ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተህ 90 ሰከንድ ጠብቅ (የኤርባጉ ቻርጅ እንዲወርድ)። የዋናውን ሽቦ ልባስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ግፈፍ፣ ክሮቹን በወስፌ መሃል ለመሃል ክፈትና አዲሱን ሽቦ አሳልፈህ ጠምጥም፣ በስታኞ በይድ፣ ከዚያ በናስትሮ ሸፍን። ስታኞው ክሮቹ ውስጥ ካልሰረገና እንደ ኳስ ላዩ ላይ ከተቀመጠ ብየዳው ቀዝቃዛ ነው፤ እንደገና አሙቀው።

የሚቆረጥ ሽቦ ቢኖር የሞተሪኖው ብቻ ነው፤ እሱም መሣሪያህ የሞተሪኖ መቁረጫ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ካለው። የመሣሪያው የሞተሪኖ መስመር ወደ ሞተሪኖ በሚሄደው ወገን ይታሰራል። በቁልፉ ወገን ካሰርከው በቁልፍ ትነሳለች፣ በሪሞት ዝም ትላለች።

የፍሬን ሽቦ ከፔዳሉ በላይ ካለው ስዊች ነው፤ ሲረገጥ 12፣ ሲለቀቅ 0። ስዊቹ ላይ ሁልጊዜ 12 ያለው ሌላ ሽቦም አለ። እሱን ከቀጠልክ መሣሪያው ፍሬን እንደተረገጠ ያስባል፣ ፈጽሞ አያስነሳም። የማሳውን ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ የተራቆተ የቦዲ ብረት ላይ በቡሎን እሰረው። ፊውዞቹን ሁሉም ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ አስገባ።

ቦቢና፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ የሁለተኛው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ታለፈ። በእኔ አስተያየት ለሚኒሶታ የታኮ ሽቦ ግድ ነው። ያለ ታኮ መሣሪያው ሞተሩ መነሳቱን የሚገምተው በቮልቴጅ ነው፤ ሞተሪኖ ሲዞር ይወርዳል፣ ዲናሞው መሥራት ሲጀምር ይወጣል። በብርድ ባትሪው ስለሚደክም ልዩነቱ ይደበዝዛል። ያኔ ወይ ሞተሩ ሳይነሳ ሞተሪኖውን ይለቃል፣ ወይ ከተነሳም በኋላ ማዞሩን ይቀጥላል። ያ የጥርስ ፍጭት ድምፅ እሱ ነው።

የዚያ ኮሮላ ሞተር በየካንዴላው ላይ የየራሱ ቦቢና አለው። ስለዚህ ለታኮው ቀላሉ መንገድ ከቤንዚን መርጫዎቹ ከአንዱ መውሰድ ነው። መርጫው ሁለት ሽቦ አለው፤ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የጋራ 12 ቮልት ነው፣ የምትፈልገው ሌላውን ነው። መልቲሜትሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርግ፤ ሚኒሞ ላይ ያለው ንባብ ቤንዚን ሲሰጥ አብሮ ከጨመረ አግኝተኸዋል። ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ስትገፍ ክር እንዳትቆርጥ፣ ያ ሲሊንደር ይተኛብሃል።

ከሁሉ በፊት ባትሪውን ለካ። አድሮ 12.6 ቮልት ገደማ ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፣ በብርድ አይታመንም። ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ወይም ጫፎቹን ሳታስተካክል ሪሞት አትግጠም።

የኮፈኑን ፒን ደግሞ አትዝለል፤ ሰው ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ እንዳይነሳ የሚከለክለው እሱ ነው። ውሃ በማይቋጥርበት ቦታ ትከለው። የመንገድ ጨው ሲያዝገው ኮፈኑ ክፍት ይመስለውና አላስነሳም ይላል።

ሴንት_ፖል_04፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተባለው መሠረት ተቀጥሏል። በሪሞት ትነሳለች፣ አትጠፋም፤ ማሞቂያው ግን አይነፋም። በቁልፍ ሲሆን ይነፋል።

ናስትሮና_ፒንሳ፦
ሁለተኛውን ኢግኒሽን አላገኘኸውም ማለት ነው። በሪሞት እየሠራች ሳለ ሶኬቱ ላይ ያሉትን ወፍራም ሽቦዎች እንደገና ለካ። በቁልፍ ኦን ላይ 12 የነበረው፣ አሁን ግን 0 የሚያሳየው እሱ ነው። መሣሪያህ ሁለተኛ የኢግኒሽን መስመር ከሌለው 30 አምፔር ሪሌይ ጨምር፤ ከመጀመሪያው ኢግኒሽን ቀስቅሰው፣ ጉልበቱን ግን በራሱ ፊውዝ ከባትሪ ስጠው፣ መውጫውን ወደዚያ ሁለተኛ ሽቦ እሰረው። ማታ ስታጠፋ የማሞቂያውን ማዞሪያ ሙቅና መስታወት ላይ፣ ፋኑን ሁለት ላይ ትተህ ውረድ።

ፕላስቲኩን ሳትመልስ አንድ ሙከራ፦ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ እግር ፍሬን ርገጥ፣ ማርሹን ዲ ላይ አድርገህ በቁልፍ ሞክር። መዞር የለበትም። ከዞረ የማርሽ ስዊቹ ተበላሽቷል፤ እሱ ሳይሠራ ሪሞቱን አትጠቀምበት።

ዲኤክስ_ነጂ፦
አዲስ አበባ ላለ ዲኤክስ ይሆናል? ማኑዋል ናት፣ ካርቡሬተር።

ቦቢና፦
አይሆንም፣ ገንዘብህን አታባክን። ማርሽ ውስጥ ከቆመች ሪሞቱ ሞተሪኖውን ሲያዞር መኪናዋ ትሄዳለች። ለማኑዋል የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ሹፌሩ በዜሮ ማርሽ ሞተሩ እየሠራ ወርዶ በሩን ሲዘጋ ብቻ ነው ለቀጣዩ ማስነሳት የሚዘጋጁት። ካርቡሬተሩ ግን ሌላ ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ቾክ ይፈልጋል፣ እሱን የሚስበው ወይም ፔዳል የሚረግጠው እግርና እጅ እንጂ ሪሞት አይደለም።

ሴንት_ፖል_04፦
ሁለተኛው ኢግኒሽን ተገኘ፣ ማሞቂያው ነፋ። እየሠራች ስገባ ቁልፉን እንዴት ላዙር?

ናስትሮና_ፒንሳ፦
አስገብተህ ኦን ላይ ብቻ አቁመው፣ ስታርት አትንካ። ከዚያ ፍሬን ርገጥ፤ መሣሪያው ይለቃል፣ ሞተሩ በቁልፉ ይቀጥላል። ቁልፉን ሳታዞር ፍሬን ከረገጥክ ይጠፋል፣ መጥፋትም አለበት። ቤት ውስጥ ጋራዥ የምታሳድራት ከሆነ ደግሞ በሩ ተዘግቶ እንዳታስነሳት፤ የማርሚታው ጭስ ወደ ቤት ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።