የአባቴ ፊኛ ዕጢ፦ በሌዘር ወይስ በኤሌክትሪክ? እስከ ነገ ጠዋት መልስ እፈልጋለሁ

የስታዲየሟ፦ እባካችሁ ቶሎ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ሽንቱ የቀይ ሥር ጭማቂ መስሎ ሆስፒታል ወሰድነው። በሲስቶስኮፒ (በሽንት መውጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ሲያዩት ፊኛው ውስጥ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ዕጢ አገኙ። ገና ጅምር ይመስላል ተባልን። አንዱ ሐኪም በሌዘር ይውጣ ይላል፣ ሌላው በተለመደው በኤሌክትሪኩ ይበቃል ይላል። ሌዘሩም ሆልሚየም አለ፣ ቱሊየም አለ። የቱ ይሻላል? ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆርጠን መንገር አለብን።

ቀጭኑ፦ ቱሊየም።

የፒያሳ ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። አጎቴ ተልባ ጠጥቶ ለቆታል።

የስታዲየሟ፦ የአጎትህ ዕጢ ነበር?

የፒያሳ ልጅ፦ ጠጠር ነበር። ብቻ ለቆታል።

ፊዚክስ በቃኝ፦ ከሥሩ እንያዘው። ሌዘር ሁሉ አንድ አይደለም። የሆልሚየም ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 2.1 ማይክሮሜትር ነው፣ ቱሊየምም እዚያው አካባቢ ነው። ሁለቱንም ውሃ ይውጣቸዋል። ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሙቀታቸው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እንኳ አይዘልቅም። ሆልሚየም በምት በምት ይመታል፣ ቱሊየም ያግ የሚባለው ዓይነት ግን ሳያቋርጥ ይቆርጣል። ድሮ ይሠራበት የነበረው ኒዮዲሚየም የሚባለው ሌዘር ብዙ ሚሊሜትር ጠልቆ ይገባል፤ ፊኛውን አልፎ አንጀት ሊያቃጥል ይችላል። እሱን ካቀረቡላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ቀጭኑ፦ ቱሊየም አልኩ እኮ።

ሲስተር፦ እህቴ፣ አትቆጪኝና ጥያቄሽ ራሱ ትንሽ ተንሻፏል። «ጅምር» መሆኑ በዓይን አይረጋገጥም። የሚያረጋግጠው ፓቶሎጂ (የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ላብራቶሪ) ነው፣ እሱም ከዕጢው ሥር ያለው ጡንቻ አብሮ ከተላከለት። በሌዘር ዕጢውን በአንድ ቁራጭ ማውጣት ይመቻል። በኤሌክትሪኩ ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ እየተላጠ ነው የሚወጣው። አትንነው የሚያጠፉት ከሆነ ደግሞ የሚላክ ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ነገ «በአንድ ቁራጭ ከነጡንቻው ታወጡታላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሌዘር ስለሆነ ዕጢው ተመልሶ አይመጣም የሚልሽን ግን አትመኚ። ዕጢው የት ላይ ነው? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል?

የስታዲየሟ፦ በግራ ጎን ግድግዳ ነው ያሉት። አስፕሪን ይወስዳል፣ ለልቡ። ይሄም ይነገራል እንዴ??

ሲስተር፦ አዎ፣ አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪያቸው! በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት። የጎን ግድግዳ ከሆነ ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፍ ነርቭ አለ። የኤሌክትሪክ ጅረት ሲነካው እግር በድንገት ይወራጫል፣ ፊኛውም ሊበሳ ይችላል። ሌዘር ጅረት ስለሌለው ይሄን አያመጣም። ለአባትሽ ሌዘሩ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። በኤሌክትሪኩ ከሆነም ነርቩን ለይተው ያደነዝዙታል፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ሲጋራ ያጨሳል?

ሜክሲኮ፦ ናሙናውን እናንተው ላብራቶሪ አድርሱ ካሏችሁ ስምና ቀን መጻፉን አይታችሁ ተቀበሉ። እኔ ብልቃጡን ይዤ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ «ማር ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ምን ልበለው?

ቀጭኑ፦ ቱሊየም ማለቴ በአንድ ቁራጭ እንዲያወጡት ነው።

ሲስተር፦ @የስታዲየሟ 3 ሰዓት አለፈ። አስፕሪኑን ነገርሻቸው?