ውሻዬ ኳስ ሲያሳድድ ውሎ እያነከሰ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ
ሰላም ለሁላችሁ። ውሻችን ጃክ 4 ዓመቱ ነው፤ ትልቅና ወፍራም። ትናንት ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ዋለ። ማታ ላይ የቀኝ የኋላ እግሩን ማንሳት ጀመረ። ይረግጥበታል፣ ግን ቶሎ ያነሳዋል። ምግቡን በደንብ ይበላል። እናቴ «ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ ግማሹን ስጠው» ትላለች። ልስጠው?

ከለገጣፎ
ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ መዳፉን እይ፣ በተለይ ጣቶቹ መሃል። እኛ ጋ ግንባታ አያልቅም፤ ምስማሩም ሽቦውም መሬት ላይ ነው። የእኛዋ ስታነክስ እግሯ ተሰበረ ብለን ስንጨነቅ የጠርሙስ ስባሪ ሆኖ ተገኘ። ስትነካካው ግን ተጠንቀቅ፤ ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል።

ከሰበታ
ጎበዝ ወጌሻ ካለ በቅቤ ያሽልህ። የአጎቴ ውሻ በዚያው ነው የዳነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
ወንድሜ ከሰበታ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄን አልስማማበትም። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ማሸትና መጎተት ያባብሰዋል።

መድኃኒቱንም እርሱት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ለሰው ልክ የሆነው ለውሻ ልክ አይደለም።

ዋናው ሕክምና ዕረፍት ነው። ግቢ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ ዕረፍት አይደለም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ይሮጣል። ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ለሽንት ብቻ በገመድ ይዘህ አውጣው። ያበጠ ቦታ ካለ፣ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልተህ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዘህ፣ በፎጣ ጠቅልለህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዝበት፤ በቀን ሦስቴ ያህል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳው ላይ አታድርግ። በ2 ቀን ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

እግሩን ጭራሽ ካልረገጠ፣ ከተንጠለጠለ ወይም ከተጣመመ ግን ዛሬውኑ ውሰደው።

ከሰንዳፋ
ሜዳ ላይ ከሌላ ውሻ ጋር አልተናከሰም? ፀጉሩን ገለጥ አድርገህ እይ። የንክሻ ቁስል ካለ፣ ክትባቱም ካለፈበት፣ የእብድ ውሻ በሽታን ነገር ለሐኪሙ ንገረው። አንተን ከነከሰህ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠብና ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ጠያቂ
አልተናከሰም፣ ክትባቱንም ዘንድሮ ወስዷል። መዳፉ ንጹሕ ነው። ጉልበቱን ስነካው ግን ጮኸ። ሲቀመጥም ያን እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋዋል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
እንደዚያ ከሆነ 2 ቀኑን አትጠብቅ። የጉልበት ጅማት መበጠስ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ውሾች ላይ ይበዛል። አንዳንዴ ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስልና እንደገና ሲሮጥ ይብስበታል። ከመሄድህ በፊት ራጅ እንዳላቸው ደውለህ ጠይቅ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በመኪና ስትወስደው ብርድ ልብስ አንጥፍለትና ዘሎ እንዳይወርድ ታቅፈህ አውርደው።