ወጌሻ የሥራ ፈቃድ ይሰጠው? ከተሰጠውስ ለየትኛው ሥራ?

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦ እናቴ በቅርቡ ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ብሏቸው ሐኪም ቤት እንውሰድዎት ብንላቸው እምቢ ብለው ወደ ሰፈራችን ወጌሻ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ልጆቻቸው በዚህ ጉዳይ መስማማት አልቻልንም። ስለዚህ ጥያቄውን ለእናንተ አቀርባለሁ፦ ወጌሻ ሠልጥኖና ተመዝግቦ በፈቃድ ይሥራ ወይስ ሥራው ጭራሽ ለጤና ባለሙያ ይተው? የእኔ አቋም ፈቃድ ይሰጠው፣ ፈቃዱ ግን ማሸትን እንጂ የተሰበረ አጥንት መጠገንን አይጨምር የሚል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ስም ከመጥራታችን ይመስለኛል፤ የተጎዳ ተጫዋች ለመርዳት ወደ ሜዳ ሮጦ የሚገባውንም፣ ስብራትን በቀርከሃ የሚያስረውንም ወጌሻ ነው የምንለው።

ፊዚዮቴራፒስት፦ መለየቱ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ማሸትም ቢሆን አንድ ወጥ ሥራ አይደለም። በየማሳጅ ቤቱ በብዛት የሚሰጠው የስዊድን ማሳጅ በዘይት እየተንሸራተቱ፣ ጡንቻን እየጨመቁና በለስላሳው እየመቱ የሚሠራ ነው። ጥልቅ ማሳጅ የሚባለው በክርንና በአውራ ጣት ወደ ታችኛው የጡንቻ ሽፋን ይወርዳል። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የታይላንድ ማሳጅ ደግሞ ያለ ዘይት፣ ልብስ ሳይወልቅ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ እጅና እግርን እየሳቡ የሚሰጥ ነው። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር ከባለቤቱ ጋር በ1930ዎቹ ያዳበረው የሊምፍ (በሰውነት ሕዋሳት መካከል የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሰው ሥርዓት) ማሳጅ ከሁሉም ይለያል፤ ቆዳን ብቻ በእርጋታ እየሳበ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ጤናማው አካባቢ ይመራል እንጂ ጡንቻን አይጫንም። ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ እጇ ያበጠባትን ሴት በዚህ መንገድ፣ ከፋሻና ከእንቅስቃሴ ጋር አዋህደን እንረዳታለን፤ ያንኑ እጅ በቅቤ አጥብቆ ማሸት ግን እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። እንግዲህ ፈቃዱ የትኛውን ማሸት እንደሚመለከት በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ጥቅሙንም በልኩ እንናገር። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ማሳጅን አስቀምጧል፤ ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑንም አልደበቀም። ማሳጅ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳል፣ ውጥረትን ያረግባል። «ከሰውነት መርዝ ያወጣል» የሚለው ማስታወቂያ ግን ሐሰት ነው፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው።

የወጌሻ ልጅ፦ አባቴ ከአባታቸው የተማሩትን ሥራ ከ40 ዓመት በላይ ሠርተውበታል፤ ስለ ወጌሻ በንቀት ሲነገር ስሰማ ያመኛል። ሰው ወደ እሳቸው የሚመጣው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ራጅ የሚያነሣ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ጀሶ የታሰረ ገበሬ አጨዳ ያመልጠዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪም ቤት ከገባሁ እቆረጣለሁ የሚለው ፍርሃት አለ። ስብራት ከፈቃዱ ይውጣ የምትሉ ሰዎች፣ እግሩ የተሰበረ ሰው በዚያች ሌሊት ወዴት እንደሚሄድ አብራችሁ ንገሩን።

የተጎዳ ልጅ አክስት፦ እህቴ፣ አባትዎን መንካት አልፈልግም። ነገር ግን የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ እያለ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር፣ አንድ ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ እኛም አጥንቱ እየገጠመ ነው ስለተባልን አባብለን ልናስተኛው ሞከርን። ሐኪም ቤት የወሰድነው በሦስተኛው ቀን፣ ጣቶቹ በርደው ከጠቆሩ በኋላ ነበር፤ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ወጌሻ ዘንድ የሄድነው ሐኪም ቤት እንዳይቆርጡት ፈርተን ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት፦ እግዜር ያጽናችሁ። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ሲታሽ እብጠቱ ይጨምራል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ ግፊቱ ከውስጥ እየበረታ ሲሄድ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። እያደር የሚብስ ሕመም፣ ጣት ሲዘረጋ የሚያስጮኽ ሥቃይ፣ መደንዘዝ፣ እነዚህ ከታዩ ማሰሪያው ያኔውኑ መፈታት አለበት። ይህን ለማወቅ ራጅ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ወጌሻ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል፤ አለመማሩ ነው የሚያንገበግበኝ።

በስፓ የምትሠራ፦ ስለ ወጌሻ ብቻ መነጋገራችን ፍትሐዊ አይመስለኝም። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ነው፤ ስለ ደም መርጋት ያስተማረኝ አልነበረም። ከረጅም የአውሮፕላን ጉዞ የመጣች ደንበኛ አንድ ባቷ ብቻ አብጦና ሞቆ «እዚህ ጋ እሺልኝ» ብትለኝ ያለ ምንም ጥርጣሬ አሸው ነበር፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል እንደሚችል ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከወጌሻ ፈቃድ ከተጠየቀ ከእኛም ይጠየቅ።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦ አቋሜን በከፊል አሻሽላለሁ። ሐኪም ቤት በራቀበት ቦታ ወጌሻ ስብራትን አይንካ ማለት ሕመምተኛውን ያለ ረዳት መተው ነው። እንግዲያው ሳያሽ፣ ሳይጎትት፣ ለእብጠት ቦታ በሚተው ማሰሪያ ደግፎ እንዲልክ ይፈቀድለት። ማሸትን በተመለከተ ደግሞ ወጌሻም ሆነ ስፓ ተመሳሳይ ፈተና ይውሰዱ።

የወጌሻ ልጅ፦ ሐሳባችሁን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ጀሶው ከተፈታ በኋላ ክርኑ አልዘረጋ ያለውን ሰውስ ማን ያሽለታል?» ብለው ጠየቁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሐኪም ቤት ወጥተው ወደ እሳቸው ነው የሚመጡት።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የእኛ ክፍተት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ባለሙያ ቢያሠለጥኑም ቁጥራችን ጥቂት ነው። ነገር ግን ክርን አደገኛ ቦታ ነው፤ የተጎዳን ክርን በኃይል ማሸትና መጎተት በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል፣ ያን ጊዜ ክርኑ እስከ መጨረሻው ሊደርቅ ይችላል። ሕመምተኛው ራሱ በቀስታ እያጠፈ እየዘረጋ መልመድ አለበት። አባትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን ብንሠራ ደስ ይለኛል፤ የእሳቸውን እጅ ያህል ሰው የሚያምነው እጅ እኔ የለኝም።

የወጌሻ ልጅ፦ ፈቃደኛ ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ። የላኩት ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሲደርስ «መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ምን ወሰደህ?» ተብሎ እንዳይሰደብ ይፈልጋሉ። ከዚህ በፊት የላኩት አንድ ሰው ተሰድቦ ስለተመለሰ፣ በዚያ አካባቢ ሂዱ ቢሏቸውም እሺ የሚላቸው ሰው ጠፍቷል።